ጅማት አጥንት ሲሆን

በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ላደገ ሰው፣ እግሩ ተሳስሮ በምርኩዝ እየተደገፈ የሚሄድ ገበሬ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱን የሚጠይቅም የለም፤ «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ሁለት ወረዳዎች አድርገው በ1990 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ መስክሯል። ነገር ግን ጓያ ያልቀመሰ፣ ሆዱ የገፋ የይፋግ ነጋዴ ወይም የወረታ የቢሮ ሰው እግሩ መተሳሰር ቢጀምርስ? ያን ጊዜ ከእግሩ ይልቅ አንገቱን መመርመር ያስፈልጋል።

አከርካሪያችን እንደ መቁጠሪያ በተደረደሩ አጥንቶች የተሠራ ነው፤ 7ቱ በአንገት ላይ ናቸው። በውስጣቸው ባለው ቦይ ከአንጎል የሚወርደው ሰረሰር ያልፋል፤ አጥንቶቹንም ጅማቶች ያስተሳስሯቸዋል። ጤነኛ ጅማት እንደ ራሰ ጠፍር ይታጠፋል። በአንዳንድ ሰው ግን ቀስ በቀስ እየጠጠረ ወደ እውነተኛ አጥንት ይለወጣል። ይህ ከአከርካሪው ፊት ባለው ጅማት ላይ ሲደርስ፣ በራጂ ሲታይ ከሻማ ላይ ወርዶ የረጋ ሰም ይመስላል፤ ፎሬስትዬ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ከባልደረባው ጋራ በ1950 የገለጸው ይህን ነው። ጀርባን ከማድረቅ በቀር ብዙ ጊዜ ክፉ ጉዳት አያደርስም። ክፉው በቦዩ ውስጥ ያለው ጅማት ሲጠጥር ነው፤ ሰረሰሩ መፈናፈኛ ያጣል።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከሁሉ ይበልጥ የተጠናው በጃፓን አገር ነው። በዚያ ከ100 ጎልማሶች ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ በራጂ ይገኛል፤ የሚበዙት ግን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የዘር ዝንባሌ አለበት፤ ከስኳር በሽታና ከውፍረትም ጋራ ይዛመዳል። እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ቦርጭ የሚከብደው ለወገብና ለጉልበት ነው፤ አንገት ምን አገባው?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። አንገት የሆድን ሸክም አይሸከምም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክብደቱን ትተው ወደ ደሙ ተመለከቱ። ስብ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጮማ አይደለም፤ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፣ ኢንሱሊንም ከልኩ በላይ እንዲበዛ ያደርጋል። እነዚህ የጅማትን ሕዋሳት አጥንት እንዲሠሩ ሳይገፋፉ አይቀሩም ተብሎ ይታሰባል። በ2023 የወጣ የጃፓኖች የዘር ጥናት ደግሞ ውፍረት ተጓዳኝ ብቻ ሳይሆን ራሱ መንሥኤ መሆኑን የሚያመለክት ውጤት አግኝቷል።

እኛ ዘንድ ግን ከጧት እስከ ማታ በአንድ ወንበር ላይ ውሎ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳውን ጸሐፊ «ተመችቶሃል» እንለዋለን፤ የከሳውን ነው «ምን ነካህ?» የምንለው።

በአገራችን ስለ ጅማት መጠጠር በሚገባ የታወቀው ታሪክ ከውፍረት ጋራ ግንኙነት የለውም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ የስኳር እርሻ፣ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጅማታቸው ጠጥሮ ጎበጡ፤ አንዳንዶቹም ሰረሰራቸው ተጨፍልቆ እግራቸው ሰለለ። ይህንንም ያጠኑት እኒሁ ፕሮፌሰር ረዳ ናቸው። እንግዲህ አንድ ዓይነት አካሄድ ከእህል፣ ከውሃ ወይም ከጮማ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

መለያውስ? ጓያ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ነው፤ እጅንም እምብዛም አይነካም። የአንገት ጅማት ግን በዓመታት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ የሚታወቀው በእጅ ላይ ነው። ጣት ይደነዝዛል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፤ የእጅ ጽሕፈት ይበላሻል። ከዚያ እግር ይከብዳል፣ ደረጃ መውረድ ያስፈራል፤ በመጨረሻም ሽንት አልታዘዝ ይላል።

ያን ጊዜ የተለመደው ወጌሻ መጥራት ነው። ወጌሻ ለወለምታ ብልሃተኛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ቦዩ የጠበበበትን አንገት መጠምዘዝ ሰረሰሩን በአንድ አፍታ ሊቀጠቅጠው ይችላል። አስቀድሞ ራጂ፣ ከተቻለም ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ መነሣት ይገባል። አጥንት የሆነ ጅማት በመድኃኒትም ሆነ በመክሳት ተመልሶ አይለሰልስም። ቀዶ ሕክምና ግን ለሰረሰሩ ቦታ ያሰፋለታል፤ ሂራባያሺ የተባለ የጃፓን ሐኪም በ1977 ባወጣው ዘዴ፣ የአከርካሪው የኋላ ቅስት በአንድ ወገን ተቆርጦ በሌላው ወገን እንደ በር በማጠፊያው ይከፈታል። የሚጠቅመው ሰረሰሩ ፈጽሞ ሳይጎዳ ሲደረስ ነው፤ ለዓመታት «ጓያ ነው» ተብሎ ቤቱ የቆየ ሰው ቀዶው ቢደረግለትም እግሩ ላይመለስለት ይችላል።