አንድን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ስለ መሸጥ

ጃንዋሪ 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኮሊሲየም በተባለው ታላቅ ስታዲዮም ሁለት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ለሻምፒዮንነት ተጋጠሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስታዲዮሙ ከዘጠና ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሲሆን በዚያን ዕለት የገባው ተመልካች 61,946 ብቻ ነበረ። ከወንበሮቹ ሲሶ ያህሉ ባዶውን ቀረ። ይህ ግጥሚያ ዛሬ ሱፐር ቦውል እየተባለ የሚጠራው፣ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የሚመለከቱት ውድድር የመጀመሪያው ነበረ።

ነጋዴን የሚያስገርመው ግን ባዶው ወንበር ብቻ አይደለም። ጨዋታው በሁለት የቴሌቪዥን ድርጅቶች አማካይነት ለአገሩ ሁሉ ሲታይ፣ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ በቤቱ ተቀምጦ እንዳያየው ተከልክሎ ነበር። ሻጩ ዕቃውን ለሩቅ ሰው ያለ ክፍያ እያሳየ ከጎረቤቱ ሸሸገው፤ ጎረቤቱም ቢሆን ሊገዛው አልመጣም። የዚህ ክልከላ ምክንያት ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ እዚያው ከተማ፣ እዚያው ስታዲዮም ውስጥ የደረሰ ኪሣራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው ጋራ ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነውና። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያዘው በእጅ ነው። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ይኸውም ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከቻለ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቅቃል። ኳሱን ይዞ ከሜዳው ዳርቻ መሥመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው ይባላል እንጂ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ተጫዋቾቹ ተነሥተው፣ ተማክረው፣ እንደገና እስኪሰለፉ ድረስ ጊዜ ስለሚያልፍና ሰዓቱም ደጋግሞ ስለሚቆም ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ መቆራረጥ ለእንግዳ ተመልካች አሰልቺ ነው። ለማስታወቂያ ሻጭ ግን ከዚህ የተመቸ ጨዋታ አይገኝም፤ የሌላው ዓለም እግር ኳስ አንድ ጊዜ ከተጀመረ 45 ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ ለሳሙናና ለአውቶሞቢል ማስታወቂያ የሚሆን ክፍተት አይሰጥም።

ወደ ኪሣራው እንመለስ። በ1950 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአሜሪካ ገና አዲስ ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ የሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን በከተማው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ለከተማው ሕዝብ በቴሌቪዥን እንዲታዩ ፈቀደ። ወጪውን የሚችለው አድሚራል የተባለው የቴሌቪዥን መሣሪያ ሠሪ ኩባንያ ነበረ፤ ሰው ጨዋታውን ለማየት ሲል መሣሪያ ይገዛል በማለት አስቦ፣ በበሩ ገቢ ላይ የሚደርሰውን ጉድለት እንደሚተካ ውል ገባ። ቡድኑ በዚያ ዓመት እጅግ ጥሩ ተጫወተ፤ ይሁን እንጂ ወደ ስታዲዮሙ የሚገባው ሕዝብ ካለፈው ዓመት ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ወረደ። ኩባንያው በውሉ መሠረት ከሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ከፈለ። በሚከተለው ዓመት ሥርጭቱ በከተማው ውስጥ ሲቆም ሕዝቡ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ይህን አይተው ተጠነቀቁ፤ በዘመኑ ከነበራቸው ገቢ አብዛኛው ከበር የሚሰበሰብ ስለ ነበረም ሊነቀፉ አይገባም። የሊጉ ሹም በርት ቤል አንድ ቡድን በገዛ ከተማው ሲጫወት ጨዋታው ከከተማው እስከ 75 ማይል፣ ማለት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ በቴሌቪዥን እንዳይታይ አገደ። መንግሥት ይህን የንግድ ነፃነት የሚጻረር ስምምነት ነው ብሎ ከሰሰ፤ ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ የተቀመጡት ዳኛ አለን ግሪም፣ ቡድን በአገሩ በሚጫወትበት ቀን የበሩን ገቢ ለመጠበቅ ሥርጭቱን ማገድ ተገቢ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ እገዳው እንደ ሃይማኖት ሥርዓት የማይነካ ሆነ።

ዲሴምበር 28 ቀን 1958 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲዮም የባልቲሞር ኮልትስና የኒው ዮርክ ጃየንትስ ለሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ የቴሌቪዥን ኃይል ምን እንደ ሆነ ታየ። ጨዋታው 17 ለ 17 ሆኖ አለቀ፤ በሻምፒዮና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀድሞ ነጥብ ያገባ እንዲያሸንፍ ሰዓት ተጨመረ። በዚህ መካከል የኤንቢሲ ሽቦ ተነቅሎ በአገሩ ሁሉ ያለው መስኮት ጨለመ። ወዲያው አንድ ሰው ሜዳው ውስጥ ገብቶ መሮጥ ጀመረ፤ ፖሊሶች እስኪይዙት ድረስ ጨዋታው ቆመ፤ ሽቦውም እስከዚያው ተቀጠለ። ሰውዬው የዚያው የቴሌቪዥን ድርጅት ሠራተኛ ነበረ ተብሎ ይነገራል። ባልቲሞር 23 ለ 17 አሸነፈ። ስታዲዮም የገባው 64 ሺህ ያህል ሰው ሲሆን በቴሌቪዥን ያየው 45 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ከዚህ 45 ሚሊዮን ውስጥ የኒው ዮርክ ከተማ ሰዎች አልነበሩበትም፤ እገዳው ጸንቶ ነበርና። በእነዚያ ዓመታት አቅም ያለው የኒው ዮርክ ሰው ቅዳሜና እሑድ ወደ ኮኔቲከት ግዛት ተጉዞ፣ ከ75 ማይሉ ውጭ ረጅም አንቴና ያቆመ ሆቴል ተከራይቶ ያይ ነበር። የሆቴሎቹ ባለቤቶች ከዚህ እገዳ በእርግጥ ተጠቅመዋል።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የሊጉ ሹመት ለፒት ሮዜል ደረሰ። ዕድሜው 33 ዓመት ነበረ፤ ከዚያ በፊትም የዚያው የራምስ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነበረ። እስከዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቡድን የሥርጭት መብቱን ለየብቻው ይሸጥ ስለ ነበረ የትልቅ ከተማ ቡድን ብዙ፣ የትንሽ ከተማ ቡድን ጥቂት ያገኝ ነበር። ለምሳሌ ግሪን ቤይ የተባለችው የዊስኮንሲን ከተማ ነዋሪዋ ወደ ስልሳ ሺህ ብቻ ነበረ፤ ቡድኗም የአንድ ሀብታም ንብረት ሳይሆን የከተማው ሰዎች ትርፍ የማይከፈልበት አክሲዮን ገዝተው ያቆሙት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ከኒው ዮርክ ጋራ በገንዘብ ሊወዳደር አይችልም። ሮዜል ግን ኒው ዮርክ ብቻዋን ልትጫወት አትችልም፤ ተጋጣሚ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድነት ሸጠው እኩል ይካፈሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የትልልቆቹ ከተሞች ባለቤቶች የራሳቸውን ጥቅም ቀንሰው በዚህ መስማማታቸው በንግድ ዓለም ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

ነገር ግን ሻጮች ተባብረው በአንድ ዋጋ እንዳይሸጡ የሚከለክለው ሕግ መሰናክል ሆነ፤ ዳኛ ግሪምም በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጋራ ውል ሠረዙት። ሮዜል ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ምክር ቤቱን ለመነ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የጋራ ሽያጩን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ወዲያው ሲቢኤስ የ14ቱን ቡድኖች መብት በዓመት 4,650,000 ዶላር ገዛ፤ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 332 ሺህ ዶላር ያህል ደረሰ። ግሪን ቤይም የኒው ዮርክን ያህል አገኘች። የበሩ ገቢ ከዚያ ወዲህ ብቸኛው መተዳደሪያ መሆኑ ቀረ፤ እገዳው ግን እንዳለ ነበር።

ተፎካካሪም ተነሥቶ ነበር። የቴክሳሱ የነዳጅ ባለጸጋ ልጅ ላማር ሃንት ቡድን ለመግዛት ጠይቆ ባይሳካለት ከጓደኞቹ ጋራ በ1959 ዓ.ም. ሌላ ሊግ አቋቋመ። ኤንቢሲ ለዚህ ሊግ ለአምስት ዓመት 36 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲዋዋል፣ ሁለቱ ሊጎች ከኮሌጅ በሚወጡ ተጫዋቾች ላይ እንደ ጨረታ ዋጋ ይጨምሩ ጀመር። ጆ ኔመዝ የተባለው አንድ ወጣት በ1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጄትስ በ427 ሺህ ዶላር ተዋዋለ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ሊጎች ሊዘልቁ እንደማይችሉ ግልጽ ስለ ነበረ ጁን 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ሊዋሐዱ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ የየሊጉ አሸናፊዎችም በዓመቱ መጨረሻ እንዲጋጠሙ ተወሰነ። ሱፐር ቦውል የሚለውን ስም ያመጣው ሃንት ነው፤ ልጆቹ ይጫወቱበት ከነበረው ሱፐር ቦል ከተባለው በኃይል የሚነጥር የጎማ ኳስ እንደ ወሰደው ይተረካል።

እንግዲህ የሎስ አንጀለሱ ጨዋታ በዚህ መንገድ የመጣ ነበረ። ግሪን ቤይ በአንድ ወገን፣ የሃንት ቡድን ካንሳስ ሲቲ በሌላው ተሰለፉ። የመጀመሪያውን ሊግ መብት ሲቢኤስ፣ የሁለተኛውን ኤንቢሲ ስለ ገዙ ሁለቱም የእኔ ነው አሉ፤ በመጨረሻም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ሁለቱም እንዲያሳዩ ተደረገ። ሥዕሉን የሚያነሡት ካሜራዎች የሲቢኤስ ብቻ ነበሩ፤ ኤንቢሲ ከተቀናቃኙ ሥዕል ተቀብሎ የራሱን ተናጋሪዎች ድምፅ ጨመረበት። ኳሱ እንኳ አንድ አልነበረም፤ ግሪን ቤይ ሲያጠቃ የዊልሰን ፋብሪካ ኳስ፣ ካንሳስ ሲቲ ሲያጠቃ ጥቂት ቀጠን ያለው የስፖልዲንግ ኳስ ወደ ሜዳ ይገባ ነበር። የግማሽ ደቂቃ ማስታወቂያ በኤንቢሲ 37,500፣ በሲቢኤስ 42,500 ዶላር ተሸጠ። የስታዲዮሙ ከፍተኛ መግቢያ 12 ዶላር ነበረ፤ የከተማው ሰው ዋጋው በዝቷል ብሎ አጉረመረመ።

ከዕረፍት በኋላ የሆነው ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። የሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ተመታ፤ ኤንቢሲ ግን ገና ከማስታወቂያው አልተመለሰም ነበር። ስለዚህ ዳኞቹ ኳሱን መልሰው እንደገና አስመቱት። ስድሳ ሺህ ሰው ከፍሎ ገብቶ ያየውን ምት፣ በሜዳው ውስጥ ያልነበረ ገዢ ስላላየው ዋጋ አጣ። ግሪን ቤይ 35 ለ 10 አሸነፈች፤ እያንዳንዱ አሸናፊ ተጫዋች 15,000፣ ተሸናፊው 7,500 ዶላር ወሰደ።

በሁለቱ ድርጅቶች በኩል ያየው ሰው ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ድርጅቶቹ የቀረጹበትን ክር አላስቀመጡትም። ክር ውድ ስለ ነበረ ሌላ ፕሮግራም ይቀረጽበት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2005 ዓ.ም. በአንድ ግለሰብ ቤት ቆጥ ላይ ከፊሉ የጎደለ የሲቢኤስ ሥርጭት ቅጅ ተገኘ፤ ሊጉም ክሩ የእናንተ ቢሆንም በላዩ ያለው ሥዕል የእኛ ነው ብሎ ባለቤቱ ለሌላ እንዳይሸጥ ተከራከረ።

እገዳው ግን ስድስት ዓመት ያህል ጸንቶ ከቆየ በኋላ ላላ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1973 ዓ.ም. ሰባተኛው ሱፐር ቦውል በዚያው በኮሊሲየም ሲደረግ፣ ቲኬቱ አስቀድሞ ተሸጦ ስላለቀ ሮዜል ጨዋታው በሎስ አንጀለስም እንዲታይ ፈቀደ። ሚያሚ ዋሽንግተንን 14 ለ 7 አሸነፈ፤ በቤቱ በነፃ ማየት በሚችል ሰው ከተማ ውስጥ 90,182 ተመልካች ስታዲዮም ገባ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ቲኬቱ ከ72 ሰዓት በፊት ያለቀ ጨዋታ በአካባቢው እንዳይታገድ በሕግ አዘዘ። ሕጉ የወጣው ለተወሰነ ጊዜ ቢሆንም ሊጉ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ደንቡን በፈቃዱ ጠበቀው።

ቲኬቱ ያላለቀ ጨዋታ ግን ለብዙ ዓመታት መታገዱ ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን እገዳውን ይደግፍ የነበረውን የራሱን ደንብ ሻረ። በ2015 ዓ.ም. የቡድኖቹ ባለቤቶች እገዳውን ለአንድ የጨዋታ ዘመን ብቻ ለሙከራ አነሡት፤ ከዚያ ወዲህም መልሰው አላጸኑትም። በ2025 ዓ.ም. ሱፐር ቦውል ሲደረግ የግማሽ ደቂቃ ማስታወቂያ እስከ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።