ሰይፉን ያዋሰ መንግሥት፤ ስለ ፓኪስታን መከራ

የመንግሥት ሥልጣን በብዙ ነገር ይገለጣል፤ ገንዘብ በመቅረጽ፣ ግብር በማስገባት፣ ዳኛ በመሾም፣ መልእክተኛ ወደ ውጭ አገር በመላክ ይታወቃል። ነገር ግን የዚህ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም በወሰኑ ውስጥ ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም ሰው ጦር መሣሪያ አንሥቶ ሌላውን እንዳይወጋ ለመከልከል መቻሉ ነው። ይህን ሥልጣን ባላጋራ በኃይል የነጠቃቸው መንግሥታት በታሪክ ብዙ ናቸው። በገዛ እጃቸው ከፍለው ለሌላ ያዋሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ የፓኪስታን መንግሥት ነው።

ፓኪስታን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በ1947 ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥታ፣ ከህንድ ተለይታ የቆመች አገር ናት። በ2023 በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ 241 ሚሊዮን ሆኖ ተገኝቷል። ከ1998 ጀምሮም የአቶም ቦምብ ባለቤት መሆኗን ለዓለም አስታውቃለች። ይህን ያህል ሕዝብና ይህን ያህል የጦር ኃይል ያላት አገር በወሰኗ ዳር የሚኖሩትን ታጣቂዎች ስለ ምን ልታስታግሥ አልቻለችም ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን በተወለደችበት ዓመት ታሪክ ውስጥ ያገኘዋል።

በኦክቶበር 1947 የካሽሚር ማሃራጃ ወደ ህንድ ወይም ወደ ፓኪስታን ለመግባት ገና ሳይቈርጡ፣ ከሰሜን ምዕራቡ ተራራ የወረዱ የፓሽቱን ነገድ ዘማቾች ወደ ካሽሚር ገቡ። ከፓኪስታን ሹማምንት የረዷቸው ነበሩ፤ ሆኖም መንግሥቱ ዘመቻው የእኔ አይደለም ለማለት ይችል ነበር። ማሃራጃውም በጥቂት ቀን ውስጥ ለህንድ ፈረሙ፤ ካሽሚርም እስከ ዛሬ ተከፍላ ቀረች። ዘመቻው የታሰበለትን አላስገኘም። ነገር ግን በገንዘብና በመሣሪያ ከህንድ እጅግ ያነሰው አዲስ መንግሥት አንድ ክፉ ትምህርት ተማረበት፤ ስሙ በመዝገብ በሌለ፣ ደመወዝም በማይቈረጥለት ሰው ጦርነት ማድረግ እንደሚቻል፣ ጥፋት ቢደርስም መካድ እንደሚቻል አወቀ።

ይህ ትምህርት በ1979 የሶቪየት ሠራዊት አፍጋኒስታንን በያዘ ጊዜ ትልቅ ሥራ ሆነ። ያን ጊዜ አገሪቱን የሚገዙት በ1977 መንግሥት ገልብጠው ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ነበሩ። ከአሜሪካና ከሳዑዲ ዐረቢያ የመጣው ገንዘብና መሣሪያ ለአፍጋን ተዋጊዎች የሚታደለው በፓኪስታን የስለላ መሥሪያ ቤት እጅ ነበር። ከሦስት ሚሊዮን የማያንስ ስደተኛም ወሰን ተሻግሮ ገባ። ሶቪየቶች በ1989 ሲወጡ መሣሪያው አልተሰበሰበም፤ ከሰዎቹም ብዙዎች ወደ እርሻቸው አልተመለሱም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ካሽሚር ዘለቁ። በ1994 የተነሡት ታሊባን በ1996 ካቡልን ከያዙ በኋላ መንግሥትነታቸውን የተቀበሉላቸው ሦስት አገሮች ብቻ ሲሆኑ፣ አንዷ ፓኪስታን ነበረች።

የወሰኑም ሁኔታ ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1893 ሰር ሞርቲመር ዱራንድና የካቡሉ አሚር ዐብዱር ራሕማን የተዋዋሉበት፣ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር የፓሽቱንን ሕዝብ ከሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከ1947 ወዲህ በካቡል የቆመ መንግሥት፣ ታሊባንም ጭምር፣ ይህን መስመር ወሰኔ ነው ብሎ አልተቀበለውም። በፓኪስታን ወገን ያለውን ነገድ እንግሊዞች በ1901 ባወጡት የወሰን ደንብ ይገዙት ነበር፤ በዚያ ደንብ አንድ ሰው ቢያጠፋ ወገኑ ሁሉ ይቀጣል፤ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት የሚያደርስ ይግባኝም አልነበረም። ፓኪስታን የራሷን መንግሥት ካቆመች በኋላ ይህን የባዕድ ደንብ እስከ 2018 ድረስ ሳትሽረው መኖሯ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ዳኛ ያላየ ሰው፣ አንድ ታጣቂ መጥቶ ዛሬውኑ እፈርድልሃለሁ ቢለው በምን ቃል እምቢ ይለዋል?

በ2001 በኒውዮርክና በዋሺንግቶን ላይ ያ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ጄኔራል ፔርቬዝ ሙሻራፍ ከአሜሪካ ጋራ መቆም ግድ ሆነባቸው፤ ሠራዊታቸውም ወደ ዋዚሪስታን ዘመተ። ከዚያ በኋላ የሚነበበው የውልና የውል ማፍረስ ታሪክ ነው። በ2004 በሻካይ በተደረገው እርቅ ለታጣቂዎቹ መሪ በአደባባይ የአበባ ጉንጉን ተጠለቀለት፤ ውሉም በጥቂት ሳምንት ፈረሰ። በ2006 በሰሜን ዋዚሪስታን ሌላ ውል ተጻፈ፤ እርሱም በ2007 ፈረሰ። በዚሁ ዓመት በዲሴምበር የተበታተኑት ጭፍሮች ተባብረው የፓኪስታን ታሊባን የሚባለውን ማኅበር አቆሙ። በ2009 ደግሞ በስዋት ሸለቆ የሚፈልጉት ሕግ እንዲጸናላቸው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በፊርማቸው ፈቀዱ። ታጣቂዎቹ ግን መሣሪያቸውን በማስረከብ ፈንታ ከዋና ከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ቡኔር ወረዱ። ያን ጊዜ ሠራዊቱ ገብቶ አስለቀቃቸው፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ቤቱን ትቶ ተሰደደ። ከባላጋራ ጋራ መታረቅ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በእነዚህ ውሎች ሁሉ መሣሪያው በማን እጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ይታለፍ ነበር።

የፓኪስታን ወታደር ፈሪ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር በሩቅ አገር ከወደቁት መካከል በጁን 1993 በሞቃዲሾ በአንድ ቀን የተገደሉት 24 ፓኪስታናውያን ይገኛሉ። ጕድለቱ የድፍረት አልነበረም፤ መንግሥቱ ታጣቂውን ከሁለት ከፍሎ፣ በራሱ ላይ የተነሣውን ክፉ፣ በጐረቤት ላይ የተነሣውን ደግ አድርጎ በመቍጠሩ ነበር እንጂ። በዲሴምበር 16 ቀን 2014 ታጣቂዎች በፔሻዋር ከሚገኘው የሠራዊቱ ተማሪ ቤት ገብተው ከ140 የሚበልጥ ሰው ገደሉ፤ ከነዚህም ከ130 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናዋዝ ሻሪፍ ከእንግዲህ ወዲህ ደግ ታሊባንና ክፉ ታሊባን ብሎ መለየት ቀርቷል ሲሉ ተናገሩ። በሕፃናቱ መቃብር ላይ የተሰጠው ይህ ቃል ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተፈተነ።

በኦገስት 2021 ታሊባን ካቡልን እንደገና በያዙ ጊዜ በኢስላማባድ ብዙዎች ሹማምንት ደስታቸውን ለመሸሸግ አልቻሉም። ከህንድ ጋራ የሚወዳጅ መንግሥት ከጀርባችን ተነሣልን የሚል ዐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን በአፍጋኒስታን ወኅኒ ቤቶች ታስረው የነበሩት የፓኪስታን ታሊባን ሰዎች ተፈቱ፤ ወሰኑንም እየተሻገሩ ወንጀላቸውን ቀጠሉ። በካቡል አማላጅነት የተደረገው የተኵስ ማቆም ውል በኖቬምበር 2022 ፈረሰ። በጃንዋሪ 30 ቀን 2023 በፔሻዋር የፖሊስ ግቢ ባለው መስጊድ ጸሎት ላይ ሳሉ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች በፈንጂ አለቁ፤ አብዛኞቹ ፖሊሶች ነበሩ። ፓኪስታን አቤት ስትል ከካቡል የተሰጣት መልስ፣ ይህ የራስሽ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ በእኛ ምድር እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ሆነ። ይህንንም መልስ ኢስላማባድ ራሷ ለካቡልና ለዴልሂ ስንት ጊዜ እንደ ሰጠች የውጭ ጉዳይ መዝገብ የሚያገላብጥ ሁሉ ያውቀዋል።

የግምጃ ቤቱ ችግር ሁሉ ከታጣቂዎች የመጣ ነው ማለት እውነት አይሆንም። ከአገሪቱ ሀብት በግብር የሚገባው ከመቶ ዐሥር እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ ባለ ርስቱና ነጋዴውም ከግብር መሸሸግን ለምደዋል። ስለዚህ ከ1958 ጀምሮ ከ20 ጊዜ በላይ ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ደጅ ሄዳለች። በ2022 የደረሰው ጐርፍ 33 ሚሊዮን ሕዝብ ጎዳ፤ ከ1,700 የሚበልጥም ሰው ገደለ። በ2023 መጀመሪያ በመንግሥቱ ባንክ የቀረው የውጭ አገር ገንዘብ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ይህም ለአንድ ወር ዕቃ መግዣ አይበቃም። በዚሁ ዓመት በሜይ የኑሮ ውድነት ከመቶ 38 እጅ ደረሰ። በጁላይ የ3 ቢሊዮን፣ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የ7 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደላት። ከ2023 እስከ 2024 ለነበረው የሂሳብ ዓመት ከተመደበው ወጪ እኵሌታው ለዕዳ ወለድ የሚከፈል ነበር።

እንዲህ ያለው አገር የባዕድ ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ እንዲመጣ ይሻል፤ የታጣቂ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቻይና በ2015 ለመንገድ፣ ለኤሌክትሪክና ለጓዳር ወደብ 46 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ሥራ ለማድረግ ተስማማች። መሐንዲሶቿን የሚጠብቅ አንድ ክፍለ ጦር ተለይቶ ተቋቋመ። ሆኖም በጁላይ 2021 ወደ ዳሱ ግድብ በሚሄደው አውቶቡስ 9፣ በማርች 2024 ደግሞ በቤሻም አጠገብ 5 ቻይናውያን ተገደሉ። በባሉቺስታን የተነሣው ሽፍትነት ግን ከሃይማኖት የመጣ አይደለም። በ1952 በሱኢ የተገኘው ጋዝ በሩቅ ያሉ ከተሞችን ሲያሞቅ ብዙ የባሉች መንደር እንጨት እየለቀመ መኖሩ ያመጣው ቂም ነው። በማርች 2025 ከ400 የሚበልጥ መንገደኛ የጫነውን ባቡር በቦላን ሸለቆ አቁመው የያዙት እነዚህ ነበሩ። ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ በአንድ ዐይነት መድኃኒት ለማከም መሞከሩም ሌላ ስሕተት ነው።

በፖለቲካ በኩል፣ ጦር ሠራዊቱ በ1958፣ በ1977ና በ1999 መንግሥት ገልብጧል፤ አምስት ዓመቱን ፈጽሞ በሰላም የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትርም እስካሁን አልታየም። ኢምራን ኻን በኤፕሪል 2022 በእንደራሴዎች ድምፅ ተሻሩ፤ በኦገስት 2023 ታሰሩ። ሕዝቡ በፌብሩዋሪ 2024 ሲመርጥ ወሰኑ ያለበት የኻይበር ፓኽቱንኽዋ ጠቅላይ ግዛት ለታሰሩት ሰው ወገን ድምፁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የመካከሉ መንግሥት ዝመቱ ሲል፣ የግዛቱ መንግሥት ሕዝቤን እንደገና አታፈናቅሉ ይላል። በኖቬምበር 2025 ሕገ መንግሥቱ ለ27ኛ ጊዜ ተሻሽሎ የሠራዊቱ አለቃ የሦስቱም ጦር የበላይ ሆኑ። እንዲህ ያለው ሹመት ለጦር ሜዳ ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ታጣቂውን ደግና ክፉ ብሎ የከፈለው ያው መሥሪያ ቤት መሆኑ አይዘነጋም።

በውጭ አገርም የፓኪስታን ቃል ክብደቱ ቀንሷል። በ2008 በሙምባይ 166 ሰው ከተገደለ ወዲህ፣ እርሷ ያላደረገችውን እንኳ አላደረግሁም ስትል የሚያምናት ጥቂት ነው። የሽብር ገንዘብን የሚቈጣጠረው የመንግሥታት ማኅበር ከ2018 እስከ 2022 ድረስ በተጠርጣሪዎች መዝገብ አስቀምጧት ነበር። በኤፕሪል 2025 በፓሃልጋም 26 ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ፓኪስታን እጄ የለበትም፤ ገለልተኛ መርማሪ ይምጣ ብትልም፣ ህንድ ሁለት ታላላቅ ጦርነቶችን አልፎ የኖረውን የ1960ን የኢንዱስ ውሃ ውል አገደች። ከሜይ 7 እስከ 10 ድረስም ሁለቱ የአቶም ቦምብ ባለቤቶች በአይሮፕላንና በሮኬት ተዋጉ።

በኦክቶበር 2025 ደግሞ ፓኪስታን ከካቡሎቹ ታሊባን ጋራ፣ ከራሷ ወዳጆች ጋራ ማለት ነው፣ በወሰን ላይ በመድፍ ተታኰሰች። ኳታርና ቱርክ ገብተው በዶሃ ተኵሱን አስቆሙ። የቶርኻም የንግድ በር ግን ተዘጋ፤ ፍራፍሬና አትክልት የጫኑ መኪናዎች በሁለቱ ወገን ተሰልፈው ቆሙ፤ በፓኪስታን ገበያም የቲማቲም ዋጋ በጥቂት ቀን ውስጥ አምስት እጥፍ ያህል ወጣ።