ሞተሩን ከመጣላችሁ በፊት ቮልቱን ለኩ

ዛሬ ለየት ያለ ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ለትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርዕይ ከፎም፣ ከአሮጌ ዲቪዲ ሞተርና ከስልክ ባትሪ ትንሽ አውሮፕላን የምትሠሩ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ ባዶውን ሲሞከር ይበራል፤ ፕሮፔለር ሲገባለት ግን ይደክማል ወይም ጭራሽ ይቆማል። "ተቃጥሏል" ተብሎ ይጣላል። ፍላቂት ላይ ሆኖ ምትክ ለማግኘት ደግሞ ወልድያ ድረስ ሰው መላክ ሊያስፈልግ ነው። ጥፋቱ ግን የሞተሩ ላይሆን ይችላል።

ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲለካ ደህና ይመስላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ሞተሩ እየዞረ ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አምፔር ላይ አድርጋችሁ ባትሪውን እንዳትነኩ፣ ሾርት ይሆናል።

1. መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለኩ። የሞላ የሊትየም ባትሪ 4.2 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ከ3 በታች ከወረደ ባትሪው አርጅቷል ወይም አቅሙ አይበቃም። የስልክ ባትሪ ከልክ በላይ ሲጎተት ውስጡ ያለው መከላከያ ራሱ ይዘጋዋል፤ ድንገት ቀጥ የሚለውም ለዚህ ነው።

2. ቀጥሎ ሞተሩ እግር ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ 3.7፣ ሞተሩ ላይ 2.7 ካነበባችሁ 1 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 2 አምፔር በ0.5 ኦም ሽቦ ሲያልፍ በትክክል ይህን ያህል ይጠፋል። ቀጭን ሽቦ፣ ዝም ብሎ የተጠመዘዘ መጋጠሚያና የላላ ማብሪያ ማጥፊያ ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሽቦውን አሳጥሩ፣ ወፍራም አድርጉ፣ መጋጠሚያውን በይዱት።

3. ሁለቱም ቦታ ደህና ሆኖ ሞተሩ ከጋለ ፕሮፔለሩ ትልቅ ነው ወይም የሆነ ቦታ ይፋተጋል።

የደጋው ነገርም አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያንሳል፣ ክንፉም ያንሳፈፈው ያንሳል። ትልቅ ፕሮፔለር ማስገባት ይረዳል፣ ግን ባትሪውን የበለጠ ይጎትታል። የሚሻለው ክብደት መቀነስና ክንፍ ማስፋት ነው። በጠዋቱ ብርድም ባትሪ ይደክማልና እስክትጠቀሙበት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት።

ያበጠ ባትሪ ግን አትውጉ፣ ቻርጅም አታድርጉ፤ እሳት ያስነሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በእኛ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚሰማ ድምፅ ሰው እንደሚያስደነግጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሙከራችሁን በግቢ ውስጥ፣ መምህራኑና ጎረቤቱ እያወቁ አድርጉት።

የሚሞክር ልጅ የምታውቁ ሼር አድርጉለት። የገጠማችሁን ችግር ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንፈልገዋለን።