ካርትሪጅ ሁሉ አይታጠብም

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚዘልቀው መንገድ፣ ፍላቂት ላይ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያለ የቡና ሲኒ ላይ አረፈ። ሲኒው ውስጥ ካርትሪጅ አፉን ተደፍቶ ተዘፍዝፏል። ከሥሩ ጥቁር ቀለም እንደ ክር እየተመዘዘ ይወርድና ግርጌው ላይ ሲደርስ ይበተናል። ልጁ እያየሁ መሆኑን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሳይታጠብ ቀለም ቢሞላ ይበላሻል» አለኝ።

አባባሉን በየከተማው ሰምቼዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩ ያለው በቀሪው ግማሽ ላይ ነው።

ትናንት አጥርቶ ሲያትም የነበረ፣ ስፖንጁ ገና እርጥብ የሆነ ካርትሪጅ ያንኑ ዓይነት ቀለም የሚሞላ ከሆነ መታጠብ አያስፈልገውም። እንዲያውም ይጎዳዋል። ስፖንጁ የጠጣው ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ አዲሱን ቀለም ያቀጥነዋል፣ ጽሑፉም ደብዝዞ ይወጣል። ከውሃው ጋር የገባው አየር ደግሞ ቀለሙ ወደ ቀዳዳዎቹ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጋል። መታጠብ ያለበት ወይ ሲደርቅ ነው፣ ወይ የቀለሙ ዓይነት ሲቀየር።

የቀለም ዓይነት ነገር ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ከሙጫ ጋር ይዘጋጃል። ጥላሸቱ ውሃው ውስጥ አይሟሟም፤ ደቅቆ ተንሳፍፎ ይኖራል፣ ሲቆይም ይዘቅጣል። ስለዚህ ጸሐፊው ብርዑን ከመንከሩ በፊት ቀንዱ ውስጥ ያለውን ያማስላል። ፒግመንት የሚባለው የፕሪንተር ቀለም የዚህ ዘመድ ነው፤ የብዙ ፕሪንተሮች ጥቁር ቀለም ከዚህ ወገን ነው። ሰማያዊው፣ ቀዩና ቢጫው ግን ብዙ ጊዜ ዳይ ናቸው፤ እንደ ስኳር ይሟሟሉ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ስፖንጅ ላይ ሲገናኙ እንደ እርጎ ሊጓጉሉ ይችላሉ። ያኔ አዎ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠብ።

«የፈላ ውሃ ይከፍተዋል» የሚለውስ? የላሊበላ ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ «የእኛ የፈላ ውሃ ያን ያህል አያቃጥልም» ብሎ የተከራከረኝ ሰው ስለዚህ ጨርሶ ተሳስቷል አይባልም። ግን 92ም ይበዛል። በእነኤችፒና ካኖን ትናንሽ ካርትሪጆች ላይ የሚያትመው ክፍል ራሱ ካርትሪጁ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ፍል ውሃ ማጣበቂያውን ያላላውና ቀለሙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሾልካል። እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ፣ የታችኛውን ገጽ ብቻ የሚነካ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ይህ የሚያትመው ክፍል እንዴት እንደተገኘ የሚነገረው ታሪክ ቀለም ለመሙላት ሲሪንጅ ለያዘ ሁሉ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ካኖን ውስጥ ኢቺሮ ኤንዶ የተባለ መሐንዲስ ጋር አንድ የጋለ መበየጃ ሳይታሰብ ቀለም ያለበትን የሲሪንጅ መርፌ ነካ፤ ቀለሙም ከጫፉ ተፈናጠረ። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው፦ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ጀርባ ያለ ማሞቂያ ለቅጽበት ግሎ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ጠብታዋን ይተፋታል። ማሞቂያውን የሚያቀዘቅዘው ቀለሙ ነው። ስለዚህ ቀለም ጨርሶ አልቆም «ትንሽ ይወጣዋል» እያሉ ማተም ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ደግሞ በየትኛውም ውሃ አይነሳም። (ኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣውን «ቀለም አልቋል» ግን ሁልጊዜ ማመን አይገባም። ብዙው ፕሪንተር የተፋቸውን ጠብታዎች ቆጥሮ ይገምታል እንጂ ውስጡን አያይም።)

ውሃው ላይ ልቆይ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ጥሩ ቢሆንም ውስጡ የሟሟ ማዕድን አለ። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው፤ ያው ነገር ቀዳዳዋ ላይ ሲጋገር አስቡት። ማፍላት ማዕድኑን ሁሉ አያወጣውም። ሃይላንድ ውሃም ማዕድን አለው። የሚፈለገው ዲስትልድ ውሃ ነው፤ የመኪና ዕቃ መሸጫ «የባትሪ ውሃ» ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኛላችሁ። የባትሪ አሲድ ግን ሌላ ነው፤ ዕቃውን ያበላሻል፣ እጅና ዓይን ያቃጥላል። ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈቱ። በአረቄ የሚያጥብም አይቻለሁ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ጠጪው ቢጠጣው ይሻላል።

«ካርትሪጁ የደረቀው ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ነው» ሲባልም እሰማለሁ። አንዳንዴ ልክ ነው። በእኛ አካባቢ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው መብራትን ነው። ፕሪንተር በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ካርትሪጁን ወደ ጥግ ወስዶ አፉን በጎማ ክዳን ይገጥመዋል። መብራት በኅትመት መካከል ሲሄድ መንገድ ላይ፣ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። የበጋው ንፋስ ሌላውን ይጨርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት ላሊበላና ዙሪያዋ ለወራት ያለ መብራት ሲቆዩ ፕሪንተር ውስጥ የቀረ ካርትሪጅ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። መብራቱ ለቀናት የሚጠፋ ከመሰለ ካርትሪጁን አውጥቶ፣ እርጥብ ሶፍት ባለበት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ አፉ ሶፍቱን ሳይነካ ማስቀመጥ ከዕጥበት ሁሉ ያድናል።

ባለ ታንክ ኤፕሰን ያላቸው ደግሞ «ክሊኒንግ» የሚለውን አሥር ጊዜ ይጫናሉ። እያንዳንዱ ክሊኒንግ ቀለም እየመጠጠ ሥር ወዳለው የቆሻሻ ስፖንጅ ይደፋል፤ ቆጣሪው ሲሞላ ፕሪንተሩ ሥራ ያቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነ ማሳደር ይሻላል፤ ቱቦው ውስጥ የገባው አየር በራሱ ጊዜ ይወጣል። ቶነርን በውሃ ስለማጠብ የሚያወራ ካለ ጨርሶ አትስሙት፤ ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው።

ልጁ ካርትሪጁን ከሲኒው አወጣ። ባለሦስት ቀለም ነበር፤ ጥቁር የመሰለኝ ሦስቱ ተደባልቀው ኖሯል። የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ቀለም እንደሆነ በምን እንደሚያውቅ ብጠይቀው፣ «በልምድ» አለኝ። የጥርስ እንጨት ተቀብዬው በየቀዳዳው ነከርን። ቢጫ ሊሞላበት ካሰበው የወጣው እንጨት ቀይ ነበር። ሳቀና ሲሪንጁን አስቀምጦ ሌሎች ሁለት ሲሪንጆች ፍለጋ ጓዳ ገባ።