የአንድ ስኒ ቡና ሂሳብ

ለሆቴልና ቱሪዝም ሠራተኞች የሚዘጋጅ የሥራ ፈጠራ ማሰልጠኛ ሶፍትዌር አስተናጋጁ፣ ወጥ ሠሪዋና አስጎብኚው ነገ የራሳቸውን ሥራ ቢከፍቱ የሚጠብቃቸውን ወጪና ገቢ ኪሳቸው ሳይነካ አስቀድመው የሚሞክሩበት መሣሪያ ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት እናስብ። ጥሬ ቡና ኪሎውን በ800 ብር ገዛች እንበል። ለአንድ ስኒ 10 ግራም ይበቃል ብላ 8 ብር ትይዛለች። ሶፍትዌሩ ግን «ከቆላሽው በኋላ ስንት ግራም ቀረ?» ብሎ ይጠይቃታል። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። 800 ግራም ከቀረላት ለአንዱ ስኒ የሚገባው ቡና 10 ብር ሆነ ማለት ነው። በቀን 100 ስኒ ከሸጠች፣ ትርፍ ብላ ከቆጠረችው ውስጥ 200 ብሩ ትርፍ አልነበረም። ስኳሩ፣ ከሰሉ፣ የሚሰበረው ስኒና የራሷ ድካም ገና አልገቡም። ለልጇ ደብተር መግዣ ከሽያጩ ያነሳችው ብርም በቤት ወጪ ስር ለብቻው ይመዘገባል። በእኔ እምነት ከትምህርቱ ሁሉ ትልቁ ይህ የቤትንና የሥራን ገንዘብ መለየት ነው።

ትምህርቱ ራሱ ከሶፍትዌሩ ይቀድማል። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ ኢምፕሬቴክ የተባለውን ሥልጠና ወደ አገራችን አምጥቷል። ሥልጠናው 6 ቀን ይፈጃል፤ ዕድልን ከመፈለግ ጀምሮ ግብ እስከ ማውጣት ባሉ 10 የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ላይ ያተኩራል። በፈረቃ የምትሠራ አስተናጋጅ ግን 6 ቀን ሙሉ ከሥራ ብትቀር ደመወዟ ይቆረጣል። ለእሷ የሚያስፈልጋት ማታ ቤቷ ገብታ በስልኳ የምትማረው ትምህርት ነው።

ውጭ አገር የተሠራውን ሶፍትዌር ተርጉሞ ማቅረብ ብቻ አይበቃም። ክትፎ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው የዐቢይ ጾምን 55 ቀናትና የየሳምንቱን ረቡዕና ዓርብ በዕቅዱ ማስገባት አለበት። ኮልፌ ብዙ ሙስሊም ነዋሪዎች ያሉበት ሰፈር በመሆኑ በረመዳን የቀኑ ገበያ ቀዝቅዞ ከአፍጥር በኋላ ይደራል። አስጎብኚውም ከመስከረም እስከ ጥምቀት ካገኘው ለክረምቱ ማስቀረት ይኖርበታል። ይህን የማያውቅ ሶፍትዌር የዓመቱን ገቢ ለ12 ወር እኩል አካፍሎ ያሳያል፤ ያንን አምኖ ቤት የተከራየ ሰው ኪራይ መክፈል የሚያቅተው ጾሙ ሳይጋመስ ነው።