የ4ኬ ቴሌቪዥን ተገዝቶም ምስሉ የማይጠራው ለምንድን ነው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አዲስ ቴሌቪዥን መግዛት ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ምስል አያጠራም፤ ከጣቢያው እስከ ስክሪኑ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ መጣጣም አለባቸው።

የ4ኬ ምስል 3840 በ2160 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ከሙሉ ኤችዲ 4 እጥፍ ነው። ጣቢያው በኤችዲ የሚያሰራጭ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ያሰፋዋል እንጂ ያልተላከለትን ዝርዝር አይጨምርም።

ስርጭቱ 4ኬ ቢሆን እንኳ ሪሲቨሩ ላይፈታው ይችላል። የ4ኬ የሳተላይት ስርጭት በአብዛኛው የሚታመቀው እ.ኤ.አ. በ2013 በጸደቀው ኤች 265 በተባለ ስልት ነው። ኤምፔግ 4 ብቻ የሚያነብ ሪሲቨር የቻናሉን ስም ቢያገኝም፣ ድምፅ እያሰማ ስክሪኑ ሊጨልም ይችላል። መፍትሔው ሪሲቨሩን መቀየር ነው።

ሦስተኛው ማያያዣው ነው። በሴኮንድ 60 ፍሬም ያለው 4ኬ ቢያንስ ኤችዲኤምአይ 2.0፣ ከቅጂ የተጠበቀ ስርጭት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤችዲሲፒ 2.2 ይፈልጋል። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ይህን የሚደግፈው አንዱ ሶኬት ብቻ በመሆኑ፣ ገመዱን በሌላው ሶኬት መሞከር ተገቢ ነው።

ዲሹና ኤልኤንቢው ግን ሞገዱን ይቀበላሉ እንጂ የምስሉን ጥራት አይለዩም። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚተላለፉበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ከደሴ ሲታይም ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለሚል ተራራ እምብዛም አይጋርደውም። ስለዚህ ሌሎቹ ቻናሎች በደንብ የሚታዩ ከሆነ፣ ለ4ኬ ብሎ ዲሽ መቀየር አላስፈላጊ ወጪ ነው።