ዝግጁ የስቱዲዮ ብርሃንና የብርሃን ዕውቀት በዲጂታል ሥነ ጥበብ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ በየስቱዲዮአችን ብዙ ጊዜ በጨረፍታ የሚታለፍ ነው። አንድ ተማሪ ባለ ሦስት ገጽታ የሰው ምስል በኮምፒዩተር ቀርጾ ሲጨርስ ብርሃኑን ሶፍትዌሩ ካዘጋጀለት ዝርዝር ይመርጣል፤ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ምስሉ ያበራል፣ ያምራል፣ ያለቀም ይመስላል። ይህ ልማድ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ያ ብርሃን ለየትኛው ስፍራ፣ ለየትኛው ሰዓት፣ ለማንስ ፊት ተብሎ የተዘጋጀ ነው?

ዝግጁ ብርሃን ስንል በመሠረቱ ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ከፎቶግራፍና ከፊልም ስቱዲዮ የተወረሰው የሦስት መብራቶች አደራደር ነው፤ ዋናው መብራት ከፊት በስተጎን ከፍ ብሎ ይቆማል፣ አጋዡ ጥላውን ያለዝባል፣ የጀርባው ደግሞ የጠጉርንና የትከሻን ጠርዝ ከበስተኋላው ይለያል። ሁለተኛው በአካባቢ ምስል ማብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል ዴቤቬክ የተባለው ተመራማሪ የመስታወት ኳስ ፎቶግራፍ በማንሣት የአንድን እውነተኛ ስፍራ ብርሃን መለካት፣ በዚያው ብርሃንም በኮምፒዩተር የተሠራ ዕቃ ማብራት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ኤችዲአርአይ የምንላቸው ምስሎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ብሌንደር እንኳ ስምንቱን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ ደን፣ ከተማ፣ ግቢ፣ የቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ ስቱዲዮ፣ የፀሐይ መውጫና የፀሐይ መግቢያ።

እነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም የላቸውም ማለት ግፍ ይሆናል። ቅርጽ በሚሠራበት ጊዜ የማይለወጥ ብርሃን ለንጽጽር ያመቻል፤ ለአንድ የሽያጭ ካታሎግ ሃያ ዕቃ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ለእያንዳንዱ አዲስ ብርሃን ቢፈጥር ጊዜውንም ገንዘቡንም ያባክናል። ችግሩ የሚጀምረው ለመፈተሻ የተሰጠን ብርሃን የሥራው የመጨረሻ ብርሃን ሆኖ ሲቀር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንዲት እናት በጎጆ ቤት ውስጥ ቡና ስታፈላ የሚያሳይ ትዕይንት እናስብ። መስኮት የለም፤ በሩ ክፍት ነው፤ ከፊቷ የከሰል ምድጃ አለ። ስለዚህ የብርሃን ምንጮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በሩ ሰፊ ነውና የሚጥለው ጥላ ጠርዙ የለዘበ ነው፤ ብርሃኑም ከሰማዩ ቅዝቃዜ ይወስዳል። ፍሙ ትንሽና ቀይ ነው፤ ፊቷን የሚያበራው ከታች ወደ ላይ ነው። በዚህ ትዕይንት ላይ «ስቱዲዮ» የተባለውን ዝግጁ ብርሃን ብንጭንበት ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ መብራት ከእናቲቱ ጀርባ የነጠላዋን ጠርዝ ያበራል። ተመልካቹ ስሕተቱን በስሙ መጥራት ባይችልም አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይሰማዋል።

ከዚህ የከፋው ግን ቶሎ ዓይን የማይገባው የርቀት ጉዳይ ነው። ከአንድ ትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይደክማል፤ 1 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን 2 ሜትር ላይ ሩብ፣ 3 ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። የአካባቢ ምስል ብርሃን ግን ወሰን ከሌለው ርቀት እንደሚመጣ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ የሚጋርደው ነገር ከሌለ በቀር በሁሉም ስፍራ እኩል ነው። እናቲቱም፣ ከግድግዳው ሥር የተኛው ሕፃንም፣ ረከቦቱም አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኛሉ። ማን ለእሳቱ እንደ ቀረበ፣ ማን ከእሳቱ እንደ ራቀ ከብርሃኑ አይታወቅም። በእንዲህ ዓይነቱ ትዕይንት ውስጥ ደግሞ መቅረብና መራቅ ታሪኩ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ፊት ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና። ቋንቋችን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ መልክን ይለያል፤ ከዚህም ሌላ «ወዝ» የሚል ድንቅ ቃል አለው። የብርሃን ሳይንስም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ከቆዳ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ብርሃን ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ቆዳው ውስጥ ገብቶ፣ ተበትኖ፣ የመልኩን ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ሳይገባ ከላይኛው ገጽ ይንጸባረቃል፣ ይህም ወዙ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ ፊት ለፊት ሲያርፍ ወዙ ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ መጠኑ ለቀዩም ለጥቁሩም ያው ነው። ለስሌት ያህል ከአንዱ ቆዳ ተበትኖ የሚወጣው 36 በመቶ፣ ከሌላው 6 በመቶ ነው እንበል። በመጀመሪያው ፊት ላይ ወዙ የመልኩ አንድ አሥራ ሁለተኛ ሲሆን፣ በሁለተኛው ላይ ግማሽ ይደርሳል። ስለዚህ የጥቁር ፊት ቅርጽ በአብዛኛው የሚነበበው በወዙ ነው። ወዝ ደግሞ የምንጩ ነጸብራቅ ስለሆነ የምንጩን ስፋትና ስፍራ ይከተላል፤ ሰፊ መብራት በጉንጭ ላይ ለስላሳ ወዝ ያወርዳል፣ ጠባብ መብራት ግን የላብ ጠብታ የመሰለ ነጥብ ይተዋል። በቀይ መልክ ላይ ተሞክሮ የተዘጋጀ ብርሃን በጠይም ፊት ላይ ሲደበዝዝ ተማሪው የብርሃኑን ኃይል ይጨምራል። ይህም መልኩን ያነጣዋል እንጂ ቅርጹን አያወጣውም። መስፋት ያለበት መብራቱ ነው፤ መለወጥ ያለበትም ስፍራው ነው።

መለኪያ ሁሉ ከአንድ ሰው ፊት እንደሚነሣ የፎቶግራፍ ታሪክ ያሳየናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኮዳክን ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች የኅትመት ቀለም ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በተባለ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ የእርሷ መልክ ትክክል ሆኖ ከወጣ ማሽኑ ትክክል ነው ይባል ነበር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጥንታውያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንም በመሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም፤ ታዲያ ጥላ አልባ ምስል ምን ነውር አለው የሚል ተማሪ አይጠፋም። ሠዓሊው ግን ቅዱሳኑን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎችን ደግሞ አንድ ዓይናቸውን ብቻ እያሳየ በጎን ሲሥል፣ ብርሃን ሊናገር የሚችለውን በመስመር ተናግሮታል። እዚያ ጥላ የቀረው በውሳኔ ነው።

ፀሐይን በሚመለከትም ዝግጁ ምስሎች የተነሡበትን አገር ይዘው ይመጣሉ። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናታችን ትክክል ትቆማለች። ቅንድብ ዓይንን ይጋርዳል፤ አገጭ አንገትን ያጨልማል፤ ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን የአፈሩን ቀለም ይዞ ፊትን ከታች ያሞቃል። በታኅሣሥ እንኳ፣ ዝቅ በምትልበት ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ በዚያው ዕለት ለንደን ላይ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ እዚህ 63 ሳንቲሜትር፣ እዚያ 3 ሜትር ከ70 ይሆናል። በክረምት ሰሜን አውሮፓ ውስጥ የተነሣ የቀትር ምስል የመርካቶን ቀትር ሊያበራ አይችልም።

ተማሪዎቼን የማሠራው ልምምድ ቀላል ነው። አካባቢው ፍጹም ጥቁር በሆነበት ትዕይንት ውስጥ አንድ ኳስና አንድ መብራት ብቻ ያስቀምጣሉ፤ መብራቱን ያቀርባሉ፣ ያርቃሉ፣ ያሰፋሉ፣ ያጠብባሉ። ቀጥሎ በኳሱ ምትክ የሚያውቁትን ሰው ፊት ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዝግጁውን ብርሃን ከፍተው በራሳቸው መብራቶች መልሰው እንዲገነቡት የምጠይቃቸው፤ አንዳንዶቹ ይወዱታል፣ አንዳንዶቹ ግማሹን ይጥሉታል፣ በሁለቱም ምክንያታቸውን መናገር ይችላሉ። ነገ ከግቢው ሜዳ ላይ ዘንግ ተክለን ጥላውን ስለምንለካ ሜትርና ማስታወሻ ይዛችሁ ኑ። ሰዓታችን በምሥራቅ ኬንትሮስ 45 ዲግሪ የሚቆጠር በመሆኑ ፀሐይ እኩለ ቀኗን የምትደርሰው ከቀኑ 6፡25 ገደማ ነውና፣ ልክ 6 ሰዓት ላይ የሚለካ ሰው አጭሩን ጥላ አያገኘውም።